የፈረሱ ስም ተርፏል

በሰቃ ልጅ አፉን ከፈታ ብዙ ሳይቆይ አባቶቹን መቁጠር ይማራል። ሰቃ ከጅማ ከተማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ልጁ ከራሱ ስም ተነሥቶ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ሲዘል ይታረማል፤ ሳይዘል ሲጨርስ ይመረቃል። እኛም በተራችን ቆጥረን ተመርቀናል። እኛ ስንል የአንዲት ሴት የልጅ ልጆች የሆንን ሦስት ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን ቋንቋ፣ አንዳችን ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። ይህችን ጽሑፍ አብረን ተቀምጠን የጻፍናት ስለሆነ «እኛ» ማለታችን ለክብር አይደለም፤ በቁጥር ሦስት ስለሆንን ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስንገባ አንድ ወፍራም ደብተር ይዘን ገባን፤ የቤታችንን ትውልድ ከላይ እስከ ታች ልንጽፍበት። ሐሳቡ የመጣልን ከክፍል ነው። ስለ እንግሊዝ አገር የገጠር ደብሮች መዝገብ ተምረን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ ደብር የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሰው በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ከ1837 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ራሱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግብ ጀመር። ስለዚህ ዛሬ አንድ የእንግሊዝ ተማሪ፣ ቅድመ አያቶቹ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞች ቢሆኑም እንኳ፣ የደብራቸውን መዝገብ አገላብጦ ከ300 ዓመት በፊት የተጠመቀ ዘመዱን ሊያገኝ ይችላል። ቀናን። ለምን እንደብቃለን? ቀናን።

በእኛ አገር እንዲህ ያለው መዝገብ የትናንት ነገር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጽ ደርድሮ ነበር፤ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እኛ ሦስታችን ከዚያ በፊት ተወልደናል። እንግዲህ ከዚያ በፊት ለተወለደ፣ ላገባና ለሞተ የሰቃ ሰው መዝገቡ ሌላ ሰው ነው። መዝገብ የሆነው ሰው ደግሞ ያረጃል፣ ይረሳል፤ ሳይረሳም እያወቀ ይዘላል።

ሰው ለምን እንደሚቆጥር ካላወቅን ማንን እንደሚዘል አናውቅም። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይገኝ ስለነበር፣ ርስት ፈላጊው እስከ አቅኚው አባት ድረስ በሁለቱም በኩል ይቆጥር ነበር። የተረሳች አያት ብትኖር ቆፍሮ ያወጣታል፤ ከሷ ጋር መሬት አለና። ያ ዓይነቱ ቆጠራ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጥቅሙን አጣ። በሰቃ ግን የምንቆጥረው ለርስት ሙግት አይደለም። ጎሳችን ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ ከማን ጋር እንደምንጋባና እንደማንጋባ ለመለየት ነው። ጎሳ የሚሄደው ደግሞ በአባት ነው። እናት ትወልዳለች፣ ታሳድጋለች፣ ቆጠራውንም ለልጁ የምታስጠናው ብዙ ጊዜ እሷው ናት፤ ራሷ ግን ቆጠራው ውስጥ የለችም።

ሥራውን የጀመርነው በአጎታችን ቤት ነው። ወንድ አያታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ታላቅ እሳቸው ናቸው። ቡናቸውን እየጠጡ ዘጠኝ አባት ሳይተነፍሱ ቆጠሩልን፤ እኛም ጻፍን። ቀጥለው ሳጥን አስወጡልን። በውስጡ የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኞች፣ የገበሬ ማኅበር ወረቀቶችና የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነበሩ። በደረሰኞቹ ላይ የቅድመ አያታችን የኦሮምኛ ስም በአማርኛ ሦስት ዓይነት ተጽፏል፤ ጸሐፊው በተለወጠ ቁጥር ሰውዬውም ይለወጣሉ። እኛ ስንስቅ አጎታችን፣ «ለግብሩ ሲሆን የቱም አጻጻፍ ያገለግል ነበር» አሉን። ሳጥኑን እስከ ታች ድረስ በረበርነው። የሴት ስም ያገኘነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን በሚጻፉበት በይዞታ ደብተሩ ላይ፣ የሴት አያታችንን ስም። ከዚያ በፊት በነበረው ወረቀት ሁሉ ቤታችን የወንዶች ብቻ ነበር።

ከሰባተኛው አባት ላይ ስንደርስ አንድ ነገር አስቆመን። እዚህ ላይ ከሌላ አገር ለመጣ አንባቢ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። በጊቤ አገሮች ትልቅ ሰው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፤ «አባ» ይባልና የፈረሱ ስም ይከተላል። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር አባት ማለት ነው፤ ጅፋር ፈረሱ ነው። የመጀመሪያው አባ ጅፋር የራሳቸው ስም ሳና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ነግሠው በ1932 የሞቱት ሁለተኛው አባ ጅፋር ደግሞ ቱሉ ይባሉ ነበር። ይህን ዛሬ ስንቱ የጅማ ልጅ ያውቀዋል? የፈረሱን ስም ግን የማያውቅ የለም። የእኛም ሰባተኛ አባት እንደዚሁ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ጠፍቷል፤ የፈረሳቸው ስም ተርፏል። አጎታችን መልኩን ሳይቀር ያውቁታል፤ ዳማ ነበር።

«ታዲያ የእሳቸው ባለቤት ማን ይባሉ ነበር?» ስንል ጠየቅን።

አጎታችን ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጥቂት አሰቡና፣ «ሚስትማ ነበረቻቸው» አሉ።

ያን ቀን ማታ በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ ዘጠኝ ወንድና አንድ ፈረስ ተጽፎ ነበር። ቀኙ ገጽ ባዶ ነው። ያን ገጽ የሚሞላልን ሰው ካለ አኮ ናቸው ብለን ወደሳቸው ሄድን። አኮ የምንለው አያታችንን ነው። ጣልያን ከወጣ በኋላ እንደተወለዱ ነው የሚያውቁት፤ ከዚያ የጠበቀ ቁጥር የላቸውም። «አባቶችን ቆጥረን ጨርሰናል፤ አሁን እናቶችን ይቁጠሩልን» ብንላቸው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ይህን ማን ጠይቆን ያውቃል?» አሉ። ከዚያ ግን ለመጀመር ጊዜ አልወሰደባቸውም። እናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት፣ የሷንም እናት ከነመንደራቸው ቆጠሩ። ወደ አባታቸው እናት ሲመጡ ስሟን ተናግረው ዝም አሉ።

«ከሷ ወዲያስ?»

«ከሷ ወዲያ የለም።»

«አልሰሙም ማለት ነው?»

«የለም አልኳችሁ። የመጣች ናት።»

የመጣች። በእኛ ቤት ይህ ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ነው። የመጣ ሰው ማለት በራሱ እግር መንገድ ጀምሮ የመጣ አይደለም፤ ያመጡት ማለት ነው። አኮ እንደነገሩን፣ ያቺ ሴት ልጅ ሆና ነው ወደ ሰቃ የመጣችው። በመጣችበት ቤት አደገች፣ ለቤቱ ጌታ ወለደችለት። የወለደችውም ልጅ በአባቱ ጎሳ ተቆጠረ፤ እሱ የአኮ አባት ነው። አኮ ዐሥር ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ከአያታቸው ጀርባ ነው የተኙት። ከጓሮው አጥር ጥግ ያለውን ቡና የተከለችው እሷ ናት፤ ሁለት ጊዜ ተጎንድሎ ሁለት ጊዜ አቆጥቁጦ ዛሬም ይለቀማል። የቤቱ ልጆች ይስቁባት ነበር አሉን። ምክንያቱም ቡናን «ቡኖ» ነበር የምትለው። በኦሮምኛም ቡና፣ በአማርኛም ቡና፤ እሷ ብቻ ቡኖ። ልጆቹ ጥርሷ ስላለቀ ይመስላቸው ነበር።

ግቢ ተመልሰን ይህን ወሬ ዶርም ውስጥ ስናወራ፣ ከቦንጋ የመጣው ጓደኛችን ከአልጋው ቀና አለ። «እኛ ቤት እኮ ቡኖ ነው የሚባለው» አለን። በካፊ ኖኖ ቡና ቡኖ ነው። አንድ ፊደል! «ና» እና «ኖ»። የእንግሊዙ ተማሪ መዝገብ አለው፤ እኛ አንድ ፊደል አገኘን። አያታችን ሰባ ዓመት ሙሉ ምንነቱን ሳያውቁት የያዙት ፊደል ነው።

ፊደሉን ከታሪኩ ጋር ስናስተያየው ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1897 የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ወጋ፤ የጅማም ጦር አብሮ ዘመተ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ተወሰዱ፤ ሕዝቡም ብዙ ተማረከ፣ ተሸጠ፣ ተበተነ። ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ዛሬ የጅማ ከተማ ባለችበት ስፍራ የነበረው የሂርማታ ገበያ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሰው የሚሸጥበት ታላቅ ገበያ ነበር። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኮንታ የተነዱ ሰዎች እዚያ ቆመው ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ከፊሎቹ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ሄዱ። ከፊሎቹ ግን ሩቅ አልሄዱም። እዚሁ ቀሩ፤ ቡና ተከሉ፤ አያት ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሚሽረው አዋጅ ሲወጣ ያቺ ሴት በሰቃ የልጅ ልጅ የምትጠብቅ ትልቅ ሰው ነበረች። ነፃ ነሽ ቢሏትስ ወዴት ትሂድ? ልጆቿ እዚህ፣ የተከለችው እዚህ።

በሴሚስተሩ ዕረፍት ወደ ሰቃ ስንመለስ ያገኘነውን ሁሉ ለአጎታችን አጫወትናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ደብተሩን ዝጉት» አሉ። በቁጣ አይደለም። የምትዳር ልጅ ቤት ውስጥ አለች፤ ሽማግሌ ተልኳል። የወንዱ ወገን ዘር ያጣራል። «የመጣች» የሚለው ቃል ከዚህ ቤት በጽሑፍ ቢወጣ ለልጅቱ ምን እንደሚተርፋት ሁላችሁም ታውቃላችሁ አሉን። እናውቃለን። ይህ የጥንት ነገር ነው እያልን በክፍል ውስጥ ብንከራከርም፣ በየመንደራችን «እገሌ እኮ…» ተብሎ በጆሮ የሚነገር ነገር እንዳለ ከመካከላችን የማያውቅ የለም።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከዚህ የበለጠ ጸጥ አደረገን። «ኦሮሞ አሳድጎ ልጄ ካለ ልጁ ነው፤ ያለቀ ነው። የመጣውን ሰው ጎሳ ውስጥ አስገብቶ፣ ከየት መጣህ ብሎ ሁለተኛ አለመጠየቅ የአባቶቻችን ደግነት ነው። እናንተ ዛሬ ተምራችሁ መጥታችሁ የተገመደውን ልትፈቱት ነው?» አሉ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛውም፣ የአገሪቱም ሕግ የተዋሱት ከኦሮምኛ ነው። እንግዳን ልጅ የማድረግ ሥርዓት ኖሮት ቃሉን ለሌላው ያበደረ ሕዝብ የሚኮራበት ቢያገኝ ያንሰዋል? እኛ ራሳችን የዚያ ደግነት ፍሬዎች ነን። ነገር ግን ሌሊቱን ስንነጋገርበት አደርን። በጉዲፈቻ ልጁን የሚሰጥ ወላጅ አለ፤ ስሙ ይታወቃል፤ ተመርቆ ነው የሚሰጠው። ያቺን ልጅ ማን ሰጣት? ሰጪ የላትም፤ ወሳጅ ብቻ ነው ያላት። አለመጠየቅ ለመጣው ሰው ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ለወሰደው ሰው ግን ከደግነትም በላይ ምቾት ነው።

ከመካከላችን ታሪክ የምታጠናው እህታችን ያን ሌሊት የነገረችንን ለአንባቢም ልናካፍል እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ላይ ያዘች። ከነፃ ወጡት መካከል ብዙዎቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ በ1890 ደግሞ 64ቱ በደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሄዱ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀዋቸዋል፦ ስምሽ ማን ነው? አባትሽ፣ እናትሽ? አገርሽ የት ነው? ማን ወሰደሽ? የመለሱትም ተጽፎ ተቀመጠ። ሳንድራ ሮውልት ሼል የተባሉ የታሪክ ሰው ያን መዝገብ አጥንተው በ2018 መጽሐፍ አድርገውታል። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የደቡብ አፍሪካው የነፃነት ታጋይ፣ በሮበን ደሴት ዐሥር ዓመት የታሠረው ኔቪል አሌክሳንደር፣ የልጅ ልጇ ነው፤ ቢሾ የእናቱ እናት ናት። የእናቱ ስም ድምቢቲ ነበር፤ ድምቢቲ በኦሮምኛ ትንሽ ወፍ ናት። በአባት ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ያ ሰው ከጊቤ ማዶ ካለው አገር ጋር የሚያገናኘው ክር ባልነበረው። ክሩ በሴት ነው የሄደው። ክሩ ያልተበጠሰውም አንድ ሰው አንድ ቀን ልጅቱን ስሟን ስለጠየቃትና ስለጻፈው ነው።

የቀናንበትም የእንግሊዝ መዝገብ ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በዚያ አገር የገጠር ደብሮች መዝገብ ውስጥ ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ተጠምቀው ይገኛሉ። ብዙዎቹ አዲስ የወጣላቸው አንድ የክርስትና ስም ብቻ ተጽፎላቸው፣ በአባታቸው ስም ቦታ «የእገሌ አሽከር» የሚል ገብቶላቸዋል። ወረቀት መኖሩ ብቻ ሰውን አያድንም፤ ጠያቂው ምን ብሎ ጠየቀ ነው ነገሩ። በጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ እኛም ከተማሪ ጓደኞቻችን ጋር ደጋግመን ጎብኝተነዋል። ስለ ንጉሡ የሚጠየቀው ብዙ ነው። ውኃውን ማን ይቀዳ ነበር ብሎ የጠየቀ ጎብኚ ግን አላጋጠመንም።

ሲነጋ ወደ አጎታችን ተመለስን። ብዙ ተነጋገርን፤ አኮም ተጠርተው መጡ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ስሟ ደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ቡኖ የሚለውም ቃል፣ ቡናው የተተከለበትም ቦታ ይጻፋል። ደብተሩ ከግብር ደረሰኞቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ መጽሔት ላይ ግን ስሟም፣ የጎሳችንም ስም፣ የማንኛችንም ስም አይወጣም። አንባቢ እስካሁን የቤታችንን ሰው በስም እንዳልጠራን አስተውሎ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የምትዳረው ልጅ ሕይወቷ የራሷ ነው፤ በእኛ ጽሑፍ ልናስከፍላት አንችልም።

እውነቱን ለመናገር ሦስታችንም በዚህ እኩል አልረካንም። አንዳችን፣ በሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ስም መልሶ የታሠረ ስም ነው ይላል። ሌላችን፣ ልጅቱ ተድራ፣ ወልዳ፣ ራሷ ልታወራው የፈቀደች ቀን ይውጣ ባይ ነው። ሦስተኛችን፣ እሷ ራሷ ያቺ ሴት በሕይወት ብትኖር የትኛውን ትመርጥ ነበር ብላ ትጠይቃለች፤ ለዚህ መልስ ያለው የለም። ክርክሩ አላለቀም። ክርክር መሆን መቻሉን ግን እንደ ትልቅ ነገር እንቆጥረዋለን፤ እስካለፈው ክረምት ድረስ ዝምታ ብቻ ነበርና።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዕረፍት ስትወጡ ለአያቶቻችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ጎሳን አትጠይቁ፤ እሱን ማንም ይነግራችኋል። የእናታቸውን እናት ስም ጠይቁ። ቡናውን ምን ብላ ትጠራው እንደነበረ ጠይቁ። መዝገብ ቤት የለንም ብለን ስንቀና የኖርነው እኛ፣ መዝገቡ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ቡና ሲቆላ እያየን ነው።

ስሟን የጻፍንላት አኮ ፊት ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ጣታችንን እያስከተልን አነበብንላቸው።

«ስንት ፊደል ነው?» አሉ።

«ሦስት ነው፣ አኮ።»

ገጹን በእጃቸው መዳፍ ዳበሱት። «እንዴ፣ ይህችን ታህል ቦታ ነው የምትይዘው?» አሉ። «ታዲያ ምን ከለከላቸው?»